ልጃችን የላከው ጎማ

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ጂፑ ዛሬም ዳገቱ ላይ ቆመ። ባለቤቴ ጫማውን ደጃፍ ላይ አራግፎ ሲገባ ልብሱ ሁሉ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ይሸታል። እራቱን በላ። «ሞተሩ ደክሟል» አለ። 

ሞተሩ ባለፈው ወር ደህና ነበር።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ዝናቡ መብራቱን ወሰደው፤ የስፌት መኪናዬ ቆማለች፤ ስለዚህ ልጻፍ። የጀመርኩትን ደብተር ሁሉ መሃል ላይ ነው የምተወው፣ ይሄንንም እንጃ።

ጂፑ ያረጀ ነው። ቢሆንም ክረምት ሲገባ ነርሷንና የክትባት ሣጥኗን ይዞ ላይኛው መንደር የሚደርስ ሌላ መኪና የለም። ጤና ጣቢያው ባለቤቴን የሚያከብረው በዚህ ነው። እሱም ራሱን የሚያከብረው በዚህ ይመስለኛል።

ግንቦት ማለቂያ ላይ አንድ የጭነት መኪና በራችን ላይ አራት ጎማ ከነቸርኬው አራግፎ ሄደ። አቁሜ ብለካቸው ወገቤ ጋ ደረሱ። ላኪው ልጃችን ነው፤ ስሙን ሾፌሩ ነገረን። ወረቀት የለው፣ መልእክት የለው፣ ጎማ ብቻ።

ይህ ልጅ ከአባቱ ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነጋገረም። የጂፑን ጎን ግንብ አስነክቶ ጫረው፤ አባቱ በገበያ መሃል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንተ አህያ ለመንዳትም አትበቃ!» አለው። ልጄ ቁልፉን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠና ሄደ። አሁን ሩቅ አገር፣ ወደብ ላይ፣ ክሬን ይነዳል። ለእኔ ይደውል የነበረው አባቱ ሥራ ላይ በሚሆንበት ሰዓት እየመረጠ ነበር።

ጎማው ከመጣ ወዲህ ግን እሑድ እሑድ ይደውላል። አባቱ ቤት እያለ።

ሰኔ 8፣ እሑድ

ደወለ። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀኝ። ከዚያ «አባዬ አለ?» አለ። ስልኩን ሰጠሁት።

ባለቤቴ ስልክ ሲይዝ እንደ ወታደር ነው የሚቆመው።

«ጎማው? እንደ አንበሳ ነው!» አለ። መልሶ ሰጠኝ።

ይኸው ነው። ግን ለሁለት ዓመት ይህም አልነበረም።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ብሎን መጥቶ ጂፑ ሥር ሲንፏቀቅ ዋለ። ብሎን የሰፈራችን መካኒክ ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም እሱም የረሳው ይመስለኛል። አዲስ የአየር ማጣሪያ አስገባ፤ የጭስ ማውጫውንም ወፍራም በሆነ ቱቦ ቀየረው። «ጋሼ፣ አሁን እንደ ልቡ ይተነፍሳል» አለው።

እውነትም ይተነፍሳል። ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል። ያመጣው ለውጥ እሱ ብቻ ነው፤ ዳገቱ ላይ እንደ ድሮው ቆመ፣ አሁን በጩኸት ቆመ።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

የወንበር ልብስ ስሰፋ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

አምና የስፌት መኪናዬን ሞተር ጠጋኝ ሲያይልኝ፣ ቀበቶው የሚዞርበትን ትንሿን መዘውር አውጥቶ ተለቅ ያለች አስገባልኝ፤ «ትፈጥንልሻለች» ብሎ። ስስ ጨርቅ ላይ በረረች። ሸራ ሳስገባ ግን መርፌው ሸራው ውስጥ ተተክሎ ቀረ፤ ሞተሩ እያቃሰተ ሞቀ። ሞተሩ ያው ሞተር ነው። መዘውሩ ሲሰፋ መንገድ ይበዛል፣ ጉልበት ይቀንሳል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ትንሿን መልሼ ሳስገባት መርፌው ሸራውን እንደ ቅቤ ሲበሳው ነው ያየሁት።

የመኪና ጎማም መጨረሻ ላይ ያለ መዘውር አይደል?

ለባለቤቴ ልነግረው ነበር። ሸራ በዛብኝና ረሳሁት።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ዛሬ ልጄ ስለ ጭቃ ጠየቀው! «ጭቃ ላይ ይይዛል ወይ?» ብሎት ኖሮ፣ አባቱ መልስ ሲሰጥ እየተንጎራደደ ነው። «ይነክሳል እንጂ! ደሞ ከፍ ብለህ ነው የምትቀመጠው፣ አጥሩ ማዶ ሁሉ ይታይሃል...» በመጨረሻ «በል ደህና ሁን» አለው። ደህና ሁን ብሎት አያውቅም።

ስልኩን ከመለሰልኝ በኋላም እጁን ሱሪው ላይ ሲጠርግ ቆየ። አልቦት ነበር።

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

ብሎን ከአንድ ከወደቀ መኪና ለሞተሩ አየር የሚገፋ ቱርቦ አምጥቶ ገጠመለት፤ የናፍጣውንም ፖምፓ ከፍ አደረገው። ሁለት ቀን ፈጀ። ከዚያ አስፋልቱ ላይ አወጡት። ባለቤቴ አጠገቡ አስቀመጠኝ። በረረ! እውነቴን ነው፣ መቀመጫዬ ላይ ተለጠፍኩ። ባለቤቴ ሳቀ፤ ጥርሱን ካየሁት ስንት ጊዜዬ። ብሎን ከኋላ ሆኖ «ጋሼ ቀስ፣ እኔ ገና አላገባሁም!» ይላል።

ወደ ዳገቱ ስንዞር ግን ከቆመበት ሊነሣ አልቻለም። ጥቁር ጭስ፣ ከዚያ የፍሪሲዮን ሽታ፣ ከዚያ ራዲያተሩ ፈላ። ወርደን ድንጋይ አስደገፍን።

ማንም ስለ ጎማው አላነሣም። እኔም።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ብሎን የተቀደደ የወንበር ሸራ ሊያሠራ መጣ። ባለቤቴ አልነበረም። እየሰፋሁ ጠየቅኩት።

«አንተ፣ ይህ ሞተር እስከ መቼ ነው የሚጨመርለት?»

«እትዬ፣ እንግዲህ ለእርስዎ አልዋሽም። ሞተሩ ምንም አልሆነም። ሕፃን ልጅ የአባቱን ጫማ አጥልቆ አይሮጥም። እህል ቢያበሉት ጫማው አይጠበውም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ወይ የድሮው ጎማ ይመለሳል፣ ወይ የፊቱም የኋላውም ጎማውን የሚያዞረው የዲፍረንሻል ማርሽ ይቀየራል። ለዚህች አሮጊት ደግሞ እንዲያ ያለ ማርሽ ከወዴት ይመጣል? ፍሬኑስ ቢሆን? ለትንሽ ጎማ የተሠራ ፍሬን ነው። ለመውጣቱ ሞተር ጨመርንለት፣ ለመቆሙ ምን ጨመርንለት?»

«ለምን አትነግረውም ታዲያ?»

መርፌዬን ሊያሰብረኝ ደርሶ ሳቀ። «ገና ሳስገባው ነገርኳቸው እንጂ! ‹ልጄ የላከውን ማንም እጁን እንዳያሳርፍበት፣ አንተ ሌላ ሌላውን ሥራ› አሉኝ። እኔ ደግሞ እትዬ፣ ሥራልኝ ያለኝን ሰው መመለስ አላውቅበትም።»

ባለቤቴ ያውቃል ማለት ነው። ከመጀመሪያው ያውቃል።

ሲመጣ ስለ ሞተር አወራኝ። እኔም ስለ ሞተር አወራሁት።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ደወለ። ቱርቦ መግባቱን ሲሰማ ደስ አለው፤ ሳቁ ከስልኩ ወጥቶ እኔ ጋ ደረሰ። እንደ ልጅነቱ ነው የሳቀው፣ በአፍንጫው። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ነርሷ የክትባቱን በረዶ ልትወስድ ስታልፍ ጎራ አለች። ጂፑን ግመሏ ነው የምትለው።

«እትዬ፣ ግመሏ ፍሬን አላት ግን?»

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች፤ ግን ቶሎ ተወችው። ወጣት ናት፣ ስለ መኪና ምን ታውቃለች ብዬ ተውኩት።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ደወለ። በሚቀጥለው ዓመት ፈቃድ አገኝ ይሆናል አለኝ። ይሆናል አለ እንጂ አገኛለሁ አላለም። ለአባቱ አልነገርኩትም፤ ባይሆንስ።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ደህና ናቸው። ሁለቱም ደህና ናቸው። ጂፑ ቁልቁለቱ ላይ አልቆም ብሎ የመንገዱን ዳር ግንብ መታ። ገደሉ በሌላው በኩል ነበር። የባለቤቴ ግንባር ተሰፍቷል። የነርሷ ክንድ

ቀሪውን ነገ።

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

ነርሷን ልጠይቅ ሄድኩ። ክንዷ ተሰብሯል፤ አንገቷ ላይ በጨርቅ ታስሯል። በአንድ እጇ ወንበር ልታቀርብልኝ ስትል ቀማኋት።

ባለቤቴ የነገረኝ ጭቃው አንሸራተተን ብሎ ነው። እሷን ጠየቅኋት።

«ጭቃ የለም እትዬ፣ ያ ቦታ ጠጠር ነው። ጋሼ ፍሬኑ ላይ በሁለት እግራቸው ቆመውበት ነበር። ከመቀመጫቸው ተነሥተው! ግመሏ ግን ዝም ብላ ትሄዳለች። በመጨረሻ መሪውን ወደ ግንቡ ጠመዘዙት። ገደል ከምንገባ ብለው ነው። ጨዋ ሰው ናቸው፣ በእሳቸው በኩል እንጂ በእኔ በኩል እንዳይመታ ሊያደርጉ ነበር፣ አልሆነላቸውም።»

የታሰረውን ጨርቅ አስተካከልኩላት።

«ሥራዬን አልተውም እትዬ። ላይ ያሉት ሕፃናት ክረምት አይሉ በጋ፣ ክትባት ይፈልጋሉ። ግን በእነዚያ ጎማዎች ሁለተኛ አልወርድም። እሳቸውን እኔ ደፍሬ አልናገራቸውም። እርስዎ ይንገሩልኝ።»

መንገዱን ሁሉ እያሰብኩ መጣሁ። ብሎን ስለ ፍሬኑ የነገረኝ ሐምሌ ሲገባ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህች ልጅ ስንት ጊዜ ወጣች፣ ስንት ጊዜ ወረደች፤ እየሳቀች በደጄ ስታልፍ በረዶዋን ስትሸከም ረድቻታለሁ። ሸራ በዝቶብኝ ነበር።

አልበዛም። በዚህ ክረምት ሸራ እንዲያውም ቀንሷል።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ባለቤቴ ግንባሩን ሊያሳይ ሲሄድ እኔ ደወልኩ። እኔ ደውዬለት አላውቅም፤ ሥራ ላይ ይሆናል፣ ከፍታ ላይ ነው ስል። ሲያነሣ ነፋሱ ይሰማል።

«እማዬ? ምን ሆናችሁ?»

«ጎማው ትልቅ ነው» አልኩት። ሌላ መግቢያ አዘጋጅቼ ነበር፣ ጠፋኝ።

«ምኑ?»

«ለጂፑ ትልቅ ነው። ዳገት አይወጣም። ሞተሩን አጠነከሩለት፣ ቱርቦ ገጠሙለት፤ ሜዳ ላይ ይበራል እንጂ ዳገት ላይ ያው ነው። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ አልቆም አለ።» የሆነውን ነገርኩት።



«አባዬ ‹እንዲህ ያለ ጎማ ቢኖረኝ ላይኛውን መንደር አልፌ ሰማይ ቤት እደርስ ነበር› ይል አልነበር? ረጃጅም መኪና ባለፈ ቁጥር? ሁልጊዜ ይላል እኮ እማዬ። እሱን አይቼ ነው። የጎማው ቁጥር ለጂፑ እንደማይሆን ጠርጥሬ ነበር፣ ግን... የሚወደው መሰለኝ። ፍሬኑን አላሰብኩትም።»

«ወዶታል» አልኩት። «በጣም ነው የወደደው።»

«ታዲያ ክረምቱን ሙሉ እንደ አንበሳ ነው ሲለኝ የነበረው ምንድን ነው? አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

ካርዴ ሊያልቅ ነው አልኩትና ዘጋሁት። ካርድ ነበረኝ።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ስልኩ ሲጮህ ልጄ ከእኔ ጋር አላወራም። «አባዬን ስጪኝ» ብቻ አለ። ሰጠሁትና የስፌት መኪናዬ ጋ ተቀመጥኩ። የባለቤቴን ብቻ ነው የምሰማው።

«እንደ አን...» ብሎ አቆመ።

«ማን ነገረህ?»

አየኝ። መርፌዬን አየሁ።

«ነርሷ ደህና ናት። ክንድ ይጠገናል... አላወልቅም። አላወልቅም አልኩህ! አንተ ነህ እንዴ እኔን የምታዘኝ?»

ከዚያ ረጅም ጊዜ ሰማ። ትከሻው ቀስ ብሎ ወረደ። በመጨረሻ «እሺ» አለ። ሃያ ምናምን ዓመት አብሬው ኖሬ እንዲህ ያለ እሺ ከአፉ ወጥቶ አልሰማሁም።

ስልኩን ሲመልስልኝ ተዘግቷል።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። ወጥቶ ጂፑ ውስጥ፣ ከፍታው ላይ፣ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ዝናቡ እስኪያባራ አልወረደም። ራሱን በመሪው ላይ አስደግፎ ነበር። ልጥራው ብዬ ደጃፍ ደረስኩና ተመለስኩ።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ወለቀ። የድሮዎቹን ጎማዎች ከጓሮ እኔና ብሎን አንከባለን አመጣን።

«እኔማ ጋሼ ገና በመጀመሪያው ቀን...»

«ዝም በልና ክሪኩን አስገባ።»

ጂፑ ሲወርድ አጠረ። ባለቤቴም አብሮት ያጠረ መሰለኝ። ብሎን ትልልቆቹን «ገዢ ላምጣ?» ሲለው እንዳልሰማ ሆነ። ግድግዳው ጥግ ደረደራቸው። ዝናብ እንዳይመታቸው ከቁራጭ ሸራ ልብስ ሰፋሁላቸው፤ ማንም አላዘዘኝም።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ወጣ። ሳይቆም፣ ሳይፈላ። ብሎን ፍሬኑን አይቶት ነበር። ነርሷ በአንድ እጇ ሣጥኗን አቅፋ አብራው ወጣች፣ አብራውም ወረደች።

«ሞተሩስ?» አልኩት ሲገባ።

«ሞተሩማ ድሮም ደህና ነበር» አለኝ፤ ፊቱን አልተመለከትኩትም።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

አልደወለም። ኔትወርክ ይሆናል።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

ሥራ ደህና ነው። ዝናቡ በርትቷል። የአንዱን ሰውዬ የወንበር ልብስ ግራና ቀኙን አገላብጬ ሰፍቼ ፈታሁት።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

አልደወለም። ባለቤቴ ከቤት አልወጣም፤ ሬዲዮ እየጠገንኩ ነው አለ። ሬዲዮው አልተበላሸም።

የሚጠይቀው ነገር አለቀበት ይሆናል። ስለ ጎማ ነበር የሚጠይቀው፤ ጎማውን ደግሞ እኔ ነኝ ያወለቅኩት፣ ብሎን አይደለም። የነርሷን ክንድ አስባለሁ፤ ልክ ነበርኩ እላለሁ። ደግሞ ስልኩን አየዋለሁ። ደውዬ ይቅርታ ልበለው? ለየትኛው? ለነገርኩት ወይስ ዘግይቼ ለነገርኩት?

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ነርሷ የእጇን ጣቶች ማንቀሳቀስ ጀምራለች። ላይኛው መንደር ዛሬም ደርሰው መጡ። ባለቤቴ እራት ላይ «ፈቃድ ይሰጣቸዋል እንዴ እዚያ ወደብ?» ብሎ ጠየቀኝ። እንጃ አልኩት። የቆረሰውን ዳቦ ሳይበላው ተነሣ።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

ጠዋት አልጮኸም። ከሰዓት አልጮኸም። ትልቅ የጭነት ሸራ ይዤ ስሰፋ ባለቤቴ ስልኩን ይዞ በላዬ ቆመ።

«ቁጥሩን ንገሪኝ።»

«የማንን?»

«አታድርቂኝ እንግዲህ!»

ነገርኩት። በወፍራም ጣቱ አንድ አንድ እያለ ነካው፤ አንዱን ተሳስቶ እንደገና ጀመረ። እስኪነሣ ድረስ መስኮቱ ጋ ቆመ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ።

«እኔ ነኝ... አባትህ። አይ፣ ማንም አልሞተም። ሰው ካልሞተ አይደወልም እንዴ?»

 እጄ ሸራው ላይ ደረቀ። ስለ ዝናቡ አወራ። ስለ ነርሷ ክንድ አወራ። «ያ ክሬንህ ከፍታው ምን ያህል ነው? ነፋስ ሲመጣ ይወዛወዛል? ያስፈራሃል?» አለው። መልሱን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ ልጁ እንደሚያየው ሁሉ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔማ... ጉልበቴን ያመኛል። የግራው። ፍሪሲዮን ስረግጥ። አይ፣ አሁን አይደለም፣ ከአምና ጀምሮ ነው። አንዳንዴ ሌሊት አያስተኛኝም። እሷ አታውቅም፣ እንዳትነግራት።»

አብሬው የምተኛ እኔ አላውቅም ነበር።

መኪናዬ ዝም ማለቷን ያኔ አስተዋልኩ። ዞር ካለ እየሰማሁ መሆኔን ያያል፤ ካየ ደግሞ ወሬውን ይቆርጠዋል። ቶሎ ፔዳሉን ረገጥኩ። ክሩ ቀደም ብሎ አልቆ ኖሯል። ልቀጥለው አልተነሣሁም። ባለቤቴ ስለ ጉልበቱ፣ ልጄም ምን እያለው እንደሆነ እንጃ፣ ሁለቱ እስኪጨርሱ ያንን ረጅም ሸራ ከዳር እስከ ዳር ያለ ክር ሰፋሁት።